ከጎን የሚመጣ ብርሃን

መስከረም 9 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ሳያስቸግርዎ፣ ደረጃውን ሳያማርሩ ወጥተው፣ ከመስኮትዎ አጠገብ ተቀምጠው እንዲያነቡት እመኛለሁ። እኔም ባለቤቴም ሁለቱ ልጆችም ደኅና ነን።

ከጻፍኩልዎ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ምክንያት አልደረድርም። ያኔ መጻፍ መማርዎን በራስዎ እጅ ጽፈው ሲልኩልኝ ደብዳቤውን ለልጆቼ አሳየኋቸው። ትንሿ ትኩር ብላ አየችውና "ፊደሎቹ ሁሉ ተቆጥተዋል" አለች።

ዛሬ የምጽፈው ለሥራ ጉዳይ ነው። እንደሚያውቁት እዚህ ውጭ አገር የምሠራው ሕንፃዎችን በማታ የሚያበራ ድርጅት ውስጥ ነው። የከተማዎ ማዘጋጃ ቤት፣ "ከተማችን ሲመሽ ከሌላው ከተማ አትለይም፤ በማታም የራሷ ፊት ይኑራት" ብሎ ሦስት ነገሮችን እንድናበራለት ጠይቆናል፤ ድልድዩን፣ የባቡር ጣቢያውንና የሰዓቱን ማማ። ማማው ለእኔ ደረሰኝ። ደረሰኝ ማለት እንኳ አይደለም፤ ለምኜ ነው የወሰድኩት።

ቁመቱን እስከ ሴንቲ ሜትር አውቀዋለሁ። የልጅ ቁመት ያለው ሞዴል አሠርቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ አቁሜዋለሁ፤ ትንሽ መብራት ይዤ ስዞረው እውላለሁ። አንዳንዴ የታመመ ሰው የምጠይቅ ይመስለኛል። ግን ከተማውን የለቀቅሁት በስድስት ዓመቴ ነውና ግድግዳው ሲመሽ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፎቶግራፍ ደግሞ ይዋሻል። የእርስዎ መስኮት ፊት ለፊቱ ነው። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቢያዩልኝ? የቱ እንደሚያምር፣ የቱ እንደሚያስጠላ እንዳዩት አድርገው ይጻፉልኝ።

ከዚህ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 6 ቀን

ለድንቡሼ፣

አርባ ዓመት ቢሞላህም፣ ቢሮ ቢኖርህም፣ ለእኔ ስምህ ያው ነው። ጤናህ ይብዛ፤ ልጆችህ ይደጉ፤ ሚስትህ ትክበር። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ደረጃውንም አማርራለሁ። ከምኞትህ የያዘልህ መስኮቱ አጠገብ መቀመጤ ብቻ ነው።

ለትንሿ ልጅህ ንገራት፤ ፊደሎቹ አልተቆጡም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳይፈለጉ ቆይተው ድንገት ስለተጠሩ ነው እንደዚያ የሆኑት።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠፍተህ፣ ዓይን ሲያስፈልግህ አክስት አለችኝ አልክ። ደግ። ዓይኔ ግን ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። መነጽር ላክልኝ፤ ለቅርብ አይደለም፣ ለሩቅ።

ያን ማማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርጌዋለሁ። መቶ አሥራ አራት ደረጃ አለው። አርባ ሁለተኛው ከስንጥቁ ውስጥ አቧራ ይደብቃል፤ ሰማንያኛው ላይ ሁሉም ሰው ቆሞ ይተነፍሳልና ሁልጊዜ የሲጋራ ቁራጭ አይታጣበትም። ስለ ደረጃው ብትጠይቀኝ መጽሐፍ እጽፍልህ ነበር። አንተ ግን ግንባሩን ጠየቅኸኝ። ጠራጊ የሚያየው እግር ነው።

ቢሆንም ስምንት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አየሁልህ። ላውንደሪዋ (እታች ልብስ የምትተኩሰው ጎረቤቴ ናት፤ ወሬ ካልሰማች አትተኛም) "ምን ሆነሽ ነው ከሰዓቱ ጋር የተፋጠጥሽው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ፊት ይኑራት ካሉ መጀመሪያ ጥርሷን ይትከሉላት" አለችና በራችን ላይ የተቦረቦረውን መንገድ አሳየችኝ።

አሁን ስማኝ። ከሥር ያለው ድንጋይ ቀን ቀን አመድ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ይረጥባል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ይረጥባል። ከዚያ ከውስጡ የሚሞቅ ይመስላል፤ ሄጄ በእጄ ልነካው ሁሉ ቃጣኝ። መስኮቶቹ ፀሐይዋን ተቀብለው ይመልሷታል። ውስጥ ሰው መብራት አብርቶ፣ የሚፈልገውን ዕቃ አጥቶ፣ መልሶ ያጠፋው ይመስላል። ሰዓቱ ዘንጎቹ ይጠፉበታል። ሰዓት መሆኑ ይቀርና ጨረቃ ይሆናል። ለሩብ ሰዓት ያህል ከተማው ውስጥ ጊዜ የለም። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አትሳቅ።

ከሰዓቱ በላይ ያለው ግድግዳ ያስጠላል። ልስኑ ወጣ ገባ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ተጨምድዶ የተለጠፈ ይመስላል። ቀን አይታወቅበትም። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ግን ነውሩ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። እዚያ መብራት አታድርግ፤ ሰው ይስቅብሃል።

አክስትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እጅዎ ይባረክ፤ እንዲህ የጻፈው እጅ ድካም አይየው። ደብዳቤዎን ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በሞዴሉ ትንሽ መብራት፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ሰዓት መሆኑ ይቀርና ጨረቃ ይሆናል" የሚለውን ተርጉሜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የሥራ ጓደኞቼ የትኛው ባለሙያ ነው ያለው ብለው ጠየቁኝ። አክስቴ ናት አልኳቸው።

ስለ ላይኛው ግድግዳ ስለነገሩኝ ደግሞ ከልብ አመሰግናለሁ። ከትልቅ ስሕተት አዳኑኝ። ፓውዛዎቹ የሚቀመጡት ከሰዓቱ በላይ ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ወደ ላይ ዞረው ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ግድግዳውን ታክኮ ስለሚወጣ የጣት ውፍረት ያለው ጉብታ እንኳ የክንድ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ አሮጌው ልስን ተፍቆ በአዲስ ለስላሳ ልስን እንዲተካ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፍኩ። ተስማምተዋል። ሥራው የካቲት 1 ቀን ይጀመራል። ለሠራተኞቹ በላክሁት የሥራ ሥዕል ላይ ያሰፈርኩት የእርስዎን ቃል ነው፤ "ወጣ ገባ ልስን፣ ይፋቅ።"

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እናቴ ማማው ውስጥ ጸሐፊ እንደነበረች ልጅ ሳለሁ ጽፈውልኛል። ያለኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ነጭ ጓንት አድርጋ፣ መጽሐፍ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሳቋን አፍና ተቀምጣለች። የሠራችበት ክፍል መስኮት የትኛው ነው? እሱን ብቻ ከውስጥ፣ በትንሽ ቢጫ መብራት ላበራው እፈልጋለሁ። ከብዙ መስኮት አንድ መስኮት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። የማውቀው እኔና እርስዎ ብቻ እንሆናለን።

መነጽሩን ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ለአንተም ለቤተሰብህም ይድረስ። መነጽሩ ደርሷል። ጥሩ ነው።

ግድግዳውን በመነጽሩ አየሁት። አጋንኜ ነው የጻፍኩልህ። ያን ያህልም አይደለም። ያረጀ ነገር ሲነካካ ይብሳል፤ ተወው፤ አታስፍቀው። ያልኩትን እርሳው።

ስለ መስኮቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ እጄ ደክሟል። ሌላ ምንም ነገር አትላክልኝ።

ትናንት እናትህን በሕልሜ አየኋት። ትልቅ አንሶላ ዘርግታ በእጇ ታቃናለች፤ አንሶላው ጫፍ የለውም። "ያዢልኝ እንጂ" አለችኝ። ጫፉን ፈልጌ ፈልጌ ነጋ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የመጨረሻው ደብዳቤዎ አጭር ስለሆነ አሳስቦኛል።

ስለ ግድግዳው ያሉትን አንብቤአለሁ፤ ግን አልገባኝም። በጥቅምት ያስጠላል ብለውኛል፤ በታኅሣሥ ተወው ይላሉ። ውሉ ተፈርሟል፤ ተቋራጩ መወጣጫውን ማቆም ጀምሯል። ላስቆመው የምችለው ወረቀት ላይ የሚሰፍር ምክንያት ካለኝ ብቻ ነው። "ያረጀ ነገር አይነካካ" ብዬ ለመሐንዲስ መጻፍ አልችልም። የሚያውቁት ነገር ካለ ምክንያቱን ይስጡኝ።

ስለ መስኮቱ ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይሆን? እስከዚያው ሞዴሉ ላይ ከቀኝ ሁለተኛውን አብርቼዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ሌላውን ሁሉ አጠፋና እሱን ብቻ ትቼው እሄዳለሁ።

በሕልምዎ ምን ለብሳ ነበር? እኔ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ አይቻት አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 14 ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ባሳጥረው አትቀየመኝ፤ ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው፣ ለየካቲት አንድ የቀረው ደግሞ ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን።

ያን መብራት አጥፋው። እናትህ ከዚያ መስኮት ኋላ ተቀምጣ አታውቅም። ከየትኛውም መስኮት ኋላ ተቀምጣ አታውቅም። ጸሐፊ አልነበረችም። ማማው ሲሠራ አሸዋና ኖራ ተሸካሚ ነበረች። እኔም እንደዚያው።

ውሸቱ እንዴት እንደመጣ ልንገርህ። የአባትህ ዘመዶች በወሰዱህ በዓመቱ ከትምህርት ቤት ጻፍክልኝ፤ "አስተማሪያችን እናታችሁ ምን ትሠራለች ብላናለች፤ የእኔ ምን ትሠራ ነበር?" አልክ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደብዳቤ ለሚጽፈው ሰውዬ ይዤለት ሄድኩ።

"ምን ልበል?" አለኝ።

"አሸዋ ትሸከም ነበር በልልኝ።"

ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። "እሜቴ፣ ልጁ እኮ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነው የሚያነበው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ማማው ውስጥ ጸሐፊ ነበረች ብንልስ?"

"በል።"

አንድ ቃል ናት ያልኳት። ማንበብ አልችልም ነበርና ሲጽፈው የትኛው መስመር ውሸቱ እንደሆነ እንኳ አላየሁም። አንተ ደግሞ መልሰህ "ጓደኞቼ ሁሉ ቀኑብኝ" ብለህ ጻፍክ። ከዚያ በኋላ ማን አፍ አለው?

አሁን ግድግዳው። ማማው ከሰዓቱ በላይ ሲደርስ መወጣጫው በገመድ የታሰረ ቀጭን እንጨት ነበር። ለሳኞቹ ቀና ብለው አዩና "እኛን አይችልም፤ ልጆች አሉን" ብለው እምቢ አሉ። ተቋራጩ ቀለል ያለ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ዞረ። በጣቱ እየቆጠረ ሰባት መረጠ። ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ።

"እኔን ራሴን ያዞረኛል" አልኩት። እውነት ነበር። ያን ያህል ግን አያዞረኝም ነበር።

እናትህ አንተን ከጀርባዋ ፈትታ ለእኔ አቀበለችኝ። "ይቺን ተዋት፤ ወንበር ላይ ስትቆምም ታለቅሳለች። እኔ እወጣለሁ" አለች፤ ሁሉም ሳቀ። ዓመት አልሞላህም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንተን አዝዬ ከታች ቆሜ አየኋት።

ልስን የሚለጠፍበት ካዙላ የለሳኞቹ የራሳቸው ዕቃ ነው፤ ለሴት አያውሱም። ስለዚህ ሰባቱም ኖራውን የለጠፉት በእጃቸው ነው። በመዳፋቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክንዳቸው እስከሚደርስበት ድረስ፣ አንሶላ እንደሚያቃና ሰው ያስኬዱታል። ከዚያ አንድ እርምጃ ይጠጉና እንደገና። ያ ወጣ ገባ ያልኩህ የክንዳቸው ልክ ነው። ከላይ ሆና ትጮህብኛለች፤ "አንቺ! ከተማው ከዚህ ሲያዩት ያንቺን አፍንጫ አያክልም!" ከታች ስትታይ አየር ላይ የምትዋኝ ነው የምትመስለው። አንድ ቀን ጉም ወርዶ እንጨቱን ሁሉ ሸፈነው፤ ሰባት ሴቶች ምንም ሳይዛቸው ነጭ ነገር ላይ እጃቸውን ሲያንሸራትቱ አየሁ። እስከ ዛሬ ስጋደም የሚመጣብኝ እሱ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እጇ ተልጦ ነበር። ያን ቀን ነው ፎቶግራፍ የተነሣችው። ጓንቱን ፎቶ አንሺው ከመሳቢያው አውጥቶ አጠለቀላት፤ መጽሐፉም የእሱ ነው። ሳቋን ያፈነችው ለዚያ ነው።

አምስት ዓመት ቆይታ በደረቷ ሞተች። ኖራው ነው ያሉ ነበሩ፤ አይደለም ያሉም ነበሩ። እኔ የማውቀው ቦታው የእኔ እንደነበረ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀና ያላልኩት ጠራጊ ስለሆንኩ አይደለም። ስምንት ቀን እንዳየው ስታዝዘኝ ዓይኔ እዚያ ደረሰ፤ እጆቹ ሁሉ ተነሥተው ታዩኝ። ያስጠላል ብዬ የጻፍኩልህ ሌላ ሰው እንዳያየው ብዬ ነው። ታስፍቀዋለህ ብዬ አላሰብኩም።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ስልኩ ያለው ላውንደሪዋ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሏ ነው የምትሰማው። ከዚያም በላይ አፌ ይህን ሲጀምር ወደ ሌላ ነገር እንደሚዞር አውቀዋለሁ። እጄ ቀስ ስለሚል ማምለጫ የለውም።

ምክንያቱን ይስጡኝ ብለሃል። ምክንያቱ ይህ ነው። ለመሐንዲስ በሚጻፍበት ቋንቋ አንተ ጻፈው። አስቁምልኝ።

አክስትህ


የካቲት 3 ቀን

ልጄ፣

ደኅና ነህ? እንዴት ሰነበትክ? በጥር የጻፍኩልህ ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህኛው ሲደርስህ ነገሩ ያለቀለት ይሆናል፤ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

የካቲት አንድ ጠዋት መዶሻ ሰማሁ። መቶ አሥራ አራቱን ደረጃ ወጣሁ። ሰማንያኛው ላይ እንደማንም ሰው ቆሜ ተነፈስኩ። የጠርዙ በር ላይ ፎርማኑ ያዘኝ።

"እማማ፣ እዚህ የሥራ ቦታ ነው።"

"የእኔም የሥራ ቦታ ነበር፤ አንተ ያኔ አፍንጫህን የሚጠርግልህ ሰው ነበረህ።"

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቁን ዋጥ አደረገ። ወረቀቱን አሳየኝ። ራሴ አነበብኩት። "ወጣ ገባ ልስን፣ ይፋቅ።"

"ይህን ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"መሐንዲስ ነዎት እንዴ?"

"አይ፤ አፈኛ ነኝ።"

ለአንተ በደብዳቤ የጻፍኩትን ለእሱ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ስጨርስ ዞረና መዳፉን ግድግዳው ላይ አኑሮ ወደ ቀኝ አስኬደው። እጁ ለመስመሩ ሰፋበት።

"ካዙላ የነካው አይደለም" አለ። "ሃያ ዓመት ለስኛለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን እማማ፣ ከውጭ የመጣ ወረቀት ፋቁ ካለ፣ ተዉ የሚለውም ከውጭ መምጣት አለበት። እኔም አለቃ አለኝ።"

"ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?"

"በሰሜኑ በኩል እንጀምራለን። አምስት ቀን ይፈጃል። ከዚያ ወደዚህ መዞሬ ነው።"

አራቱም ጎን በእጅ የተሠራ ነው። ሰሜኑ ከመስኮቴ አይታይም፤ ሲፋቅ ግን ይሰማል። ላውንደሪዋ "አይጥ ነው የሚመስለው" አለች። መስኮቱን ዘጋሁት። ዘግቼውም ይሰማል።

አክስትህ


የካቲት 6 ቀን

አክስቴ፣

የጥር 14 ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ወዲያውኑ ማዘጋጃ ቤት ደውዬ ሥራው እንዲቆም አድርጌአለሁ። ምክንያቱን "ታሪካዊ የእጅ ልስን" ብዬ ጻፍኩ፤ ተቀብለዋል። የሰሜኑ ጎን እንዳለቀ ነገሩኝ። ሦስቱ አልተነኩም።

የሥራው ነገር ይህ ነው።

የቀረውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ትልቋ ልጄ ፎቶግራፉን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አያቴ ናት፤ ጸሐፊ ነበረች" ትላለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እርስዎ መጻፍ ከተማሩ ሁለት ዓመት ሊሞላዎ ነው። ከዚያ ጀምሮ ሌላ ሰው አልጻፈልዎም። ግድግዳው ባይፋቅ ኖሮ አይነግሩኝም ነበር።

በሞዴሉ ላይ ያለውን መስኮት አጥፍቼዋለሁ።


ሚያዝያ 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይህን በደኅና አንብበው። ከየካቲት ወዲህ አልጻፍክልኝም፤ እኔም አልለምንህም። የተቆጣህበት ነገር ልክ ነው። ባይፋቅ ኖሮ አልነግርህም ነበር። ይህን እዚህ ላይ ጽፌ አልሰርዘውም።

ማማው ቅዳሜ በራ። አንተ ስላላየኸው እነግርሃለሁ።

ሰዉ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ አደባባዩን ሞላው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ንግግር አደረገ፤ ከተማችን ከእንግዲህ ከሩቅ ትታወቃለች አለ። ብዙ ጊዜ "ማንነት" አለ። ላውንደሪዋ ክንዴን ይዛ "ማንነቴን ሳላውቀው እግሬ ደነዘዘ" ትለኛለች። ከዚያ የመንገዱን መብራት ሁሉ አጠፉት።

ልጄ፣ ጨለማ ምን ያህል ጥሩ ነገር እንደሆነ ረስቼው ነበር። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ከሰዓቱ በላይ፣ መጀመሪያ ከሥሩ፣ እንደ ውኃ ቀስ እያለ ወጣ። ግድግዳው ተነሣ። መስመሮቹ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ከነጥላው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ድንጋይ አይመስልም። ሰው አሁን እጁን ነክሮበት ያወጣው፣ ገና ያልረጋ ነገር ይመስላል። ማንም ያጨበጨበ የለም፤ ሹሙ እንኳ ረሳው።

ላውንደሪዋ "ይህን የሠራ ሰው ጨርቅ ያውቃል" አለች። ዞሬ ሳያት ቀኝ እጇ በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አላወቀችውም። ከእኛ ፊት የቆመችው ሴትዮም እጇ እንደዚያው።

ሰዓቱ ግን ጨለማ ነው። አንዱ "ስንት ሰዓት እንደሆነ በምን ልናውቅ ነው?" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው "ቤትህ የምትጠብቅህ ካለች ትነግርሃለች" አለው። ፓውዛዎቹን የተከለውን ልጅ እግር ጠየቅሁት፤ ሰዓቱ ለምን አልበራም?

"ከውጭ ያለው ሰውዬ እኮ ጉድ ሠራን" አለኝ። "ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ቀየረብን። ለሰዓቱ የተመደበውን መብራት አንሥቶ በሙሉ ለግድግዳው አደረገው። ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ፣ ከዚያ አይብለጥ አለ። እኛ የሰዓት ማማ የምናበራ መስሎን ነበር።"

ቤቴ ገባሁ። ከመስኮቴ ሆኜ እስኪያጠፉት ድረስ አየሁት። ክፍሌ ውስጥም ገብቷል፤ አልጋዬ ላይ፣ ማሰሮዬ ላይ፣ እጄ ላይ። እጄን አገላብጬ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ።

በሰሜኑ በኩል ዞሬም አየሁ። እዚያ ግድግዳው ለስላሳ ነው። ብርሃኑ ይወጣል፤ የሚይዘው የለም፤ ያልፋል። ያን ያስፋቀው የእኔ ቃል ነው።

አሁን ልጆችህ የትኛው የአያታችን ነው ብለው ይጠይቁሃል፤ አንተም እኔን መጠየቅህ አይቀርም። ከሰዓቱ በላይ ሦስተኛው፣ ያ ረጅሙ፣ እሱ ነው ብልህ ታምነኛለህ። ቀላል ነው። ስድስት ማታ በተከታታይ በመስኮቴ ተቀምጬ ፈለግሁ። ሰባት ሴቶች ነበሩ፤ አሥራ አንድ ቀን ቦታ እየተለዋወጡ ሠሩ፤ አራቱንም ጎን። የአንዷን ክንድ ከሌላዋ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት እናትህ ከፊቴ ናት። ምናልባትም በሰሜኑ በኩል ነበረች።

የትኛው የእሷ እንደሆነ አላውቅም።

አክስትህ